ድሮ መንገድ ይከርም ነበር

ሰኔ ሊወጣ ነው፤ ክረምቱ ደጃችን ደርሷል። የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቡና እየተጠጣ የሚነበብ ነው። ባጃጅ ላይ ቁጭ ብላችሁ ተሳፋሪ እስኪሞላ የምታነቡ ተማሪዎቼ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሰው ከሞላላችሁ ስልኩን ኪሳችሁ ክተቱት። ጽሑፉ የትም አይሄድም፣ ማታ ትጨርሱታላችሁ።

ከአንድ ቃል ልነሳ። ለረጅም ጊዜ ያልተገናኘን ሰው ሲያገኘን «እንዴት ከረማችሁ?» ይለናል። ቃሉን ሁላችንም እንጠቀምበታለን፤ ከየት እንደመጣ ግን ብዙ አናስብም። «ከረመ» እና «ክረምት» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። እኔ እንደሚገባኝ ሰላምታው በሥሩ «ያንን ዝናብ፣ ያንን ጭቃ፣ ያንን የሞላ ወንዝ እንዴት አለፋችሁት?» የሚል ጥያቄ ነው። ታዲያ ለምን ተለያይተው ለቆዩ ሰዎች ሰላምታ ሆነ? ድሮ ክረምት ሲገባ መንገድ ይዘጋ ስለነበረ ነዋ! ከወንዝ ማዶ ያለ ዘመድ እስከ መስቀል አይታይም። አያቴ ሲያጫውቱን የእህታቸውን መሞት የሰሙት ወንዙ ሲጎድል፣ በመስቀል ሰሞን ነበር። እህት በሐምሌ ሞታ ለቅሶው በመስከረም መጨረሻ። ማዶና ማዶ ያለ መንደር እኮ ነው፣ በበጋ ቢሆን ጠዋት ተነስተህ ለምሳ የምትደርስበት።

ዛሬ ይህ ታሪክ ለልጆቻችን ተረት ይመስላቸዋል። ከአንበሳሜ ተነስተን በሐሙሲት አድርገን ባሕር ዳር ለመግባት ሰኔም ይሁን ጥር ለውጥ የለውም። ዝናቡ እየወረደም መኪናው ይሄዳል። ይህ ትልቅ ድል ነው፣ አንካደው። ነገር ግን መንገዱን ስንከፍተው ክረምቱ አብሮ አልሄደም፣ እዚያው ነው ያለው። ድሮ ወንዙ ራሱ «ቁም!» ይለን ነበር። አሁን ቁም የሚለን የለም፤ እኛም ራሳችንን «ቁም» ማለት አልለመድንም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ይህንን ነው።

ንጉሥም ይከርም ነበር

በቤተ ክርስቲያናችን አቆጣጠር ዘመነ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በጣና ዙሪያ ከዓመቱ ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ብቻ ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ድልድይ በሌለበት ዘመን በእነዚህ ወራት አባይን፣ ጉማራን፣ ርብን የሚሻገር ማን ነው?

ንጉሥ እንኳ አይሻገርም። የድሮ ነገሥታት በበጋ ከነሠራዊታቸው ከቦታ ቦታ እየተዘዋወሩ ድንኳን ተክለው ይገዙ ነበር። ክረምት ሲገባ ግን አንድ ቦታ መርጠው ይከርማሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የነገሡት አፄ ሠርፀ ድንግል ክረምታቸውን በጣና ሰሜን ምሥራቅ፣ በእንፍራዝ አካባቢ ማሳለፍ አዘወተሩ። ወደ ጎንደር ስትሄዱ ከአስፋልቱ ላይ ሆናችሁ በኮረብታው ላይ የምታዩት የጉዛራ ግንብ የዚያ ዘመን ምስክር ነው። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም በዚሁ በጣና ዙሪያ መክረሙን ቀጠሉበት፤ በመጨረሻም አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ስለዚህ ጎንደርን ስናስብ ግንቡን ብቻ ሳይሆን ዝናቡንም እናስብ። ጎንደር ከተማ የሆነችበት አንዱ ምክንያት ነገሥታቱ ክረምት የሚያሳልፉበት ሸጋ ቦታ መፈለጋቸው ነው።

በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ትልቅ ነገር ተሠራ። ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች በአባይ ላይ የድንጋይ ድልድይ ተገነባ። ዛሬም ሰውና አህያ ይሻገርበታል፤ ፏፏቴውን ልታዩ ሄዳችሁ የረገጣችሁት ትኖራላችሁ። ከዚያ ወረድ ብሎ በሞጣ በኩል ደግሞ «ሰባራ ድልድይ» የምንለው አለ። እሱም የጎንደር ዘመን ሥራ ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አንዱ ቅስቱ ፈረሰ፤ ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። አስቡት ተማሪዎቼ፦ ከሥር አባይ ይጮሃል፣ አንተ ገመድ ላይ ተንጠልጥለሃል። ያ ሁሉ ለምን? ገበያ ለመድረስ፣ ዘመድ ለመጠየቅ። መንገድ ማለት ለእኛ ሕዝብ ምን ያህል ውድ ነገር እንደነበረ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም።

ከደብረ ታቦር መቅደላ፦ ስድስት ወር

የመንገድና የክረምት ታሪክ ሲነሳ አፄ ቴዎድሮስን መዝለል አይቻልም። ለዚያውም የእኛ ሰፈር ታሪክ ነው። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ በጋፋት፣ የአውሮፓ ባለሙያዎች «ሴባስቶፖል» የተባለውን ታላቅ መድፍ ሠሩላቸው፤ ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ። ንጉሡ ይህን መድፍ ይዘው ወደ መቅደላ ለመሄድ ወሰኑ።

መቼ ተነሱ? ልብ በሉ፣ በሐምሌ አልተነሱም። በ1860 ዓ.ም.፣ ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ነው ደብረ ታቦርን የለቀቁት። ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ችኮላ እያለ ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ በኋላ ነው ሠራዊቱ ዓለት እየፈለጠ፣ ገደል እየደለደለ፣ መድፉን በመንኮራኩር ላይ አድርጎ እየጎተተ የሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲያነሱ ይታዩ ነበር ይባላል። የዝጢና የበሸሎ ሸለቆዎች ወርዶ መውጣት እንዴት እንደሆነ በዚያ ያለፈ ያውቀዋል። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር፤ ወደ ስድስት ወር ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ተሽከርካሪ ይሄድበታል ተብሎ በአገራችን ከተሠሩ የመጀመሪያዎቹ መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ ጄኔራል ናፒየር ከቀይ ባሕር ሠራዊቱን እየመራ ይመጣል። እሱም ዓይኑ ሰማይ ላይ ነበር። መቅደላ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ወደቀች፤ እንግሊዞቹ ወዲያው ተመልሰው ከአገር ለመውጣት ተጣደፉ። ለምን? ክረምት ከገባ ወንዞቹ እንደሚቆርጧቸው ያውቁ ነበራ። ያ ሁሉ ዝሆንና መድፍ ያለው ጦር ከዝናብ ጋር መጋፋት አልፈለገም።

መኪና መጣ፣ ጭቃውም ጠበቀው

አውቶሞቢል አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. አካባቢ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ለንጉሠ ነገሥቱ መኪና አመጣ። ለመኪና የተሠራ መንገድ ስላልነበረ አንዳንዱን ቦታ መኪናው ሰውን ከሚሸከም ይልቅ ሰው መኪናውን የገፋበት ጊዜ ይበልጣል።

ከዚያ የጣሊያን ወረራ መጣ። ያ ጦርነት የሞተር ጦርነት ነበር፤ የሞተር ጦርነት ደግሞ ከክረምት ጋር እሽቅድምድም ማለት ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ፓርቲው ጸሐፊ ስታራቼ በካሚዮን የተጫነ ጦር ይዞ ጎንደር ገባ፤ ከዚያ የጣሊያን ጦር ወደ ጣና ዳርቻ ወረደ። በደሴ በኩል ደግሞ ባዶሊዮ ከ1,700 በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ወደ አዲስ አበባ ገሰገሰ። ይህ ሁሉ ብረት ጣርማ በር ላይ ምን ገጠመው? ዝናብና ጭቃ። በዚያ ላይ የእኛ ሰዎች መንገዱን አፍርሰውበት ነበር። ካሚዮኖቹ ተሰልፈው ቆሙ፤ ወታደሩ መሣሪያውን አስቀምጦ ድንጋይ ተሸከመ። አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። ክረምቱ ሁለት ወር ቀድሞ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እንዴት ይሆን ነበር? ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ ስጠይቃችሁ እጅ የምታወጡት ብዙ ነበራችሁ፤ አሁንም መልሱት።

ጣሊያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሲባረር መንገድ ብቻ ሳይሆን ቃላትም ትቶ ሄደ። ጋራዥ ሄዳችሁ ጆሮ ስጡ። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ቸርኬ፣ ፍሬቻ፣ ፖርቶመጋላ፣ ጎሚስታ፣ ላቫጆ፣ ቦሎ፣ ካቻቢቴ፤ ሁሉም የጣሊያን ናቸው። «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ደግሞ የፈረንሳይ። መኪናው ከነስሙ ነው የመጣው።

አሁን ደግሞ የክረምቱን ቃላት ቁጠሩልኝ። ካፊያ፣ ዶፍ፣ ጉም፣ ጭጋግ፣ ማጥ፣ ረግረግ፣ አረንቋ፣ ደራሽ። እነዚህ የራሳችን ናቸው፤ አያቶቻችን እያንዳንዱን ለይተው ያውቁታል። ካፊያ ላይ ምን ይደረጋል፣ ዶፍ ሲመጣ የት ይጠለላል፣ ደራሽ ከመምጣቱ በፊት ወንዙ ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማል፣ ውሃው ቀለሙን ሲቀይር ምን ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ያውቁ ነበር። ችግሩ እነዚህ ሁለት የቃላት ጎራዎች አለመገናኘታቸው ነው። ፍሬን የሚያውቀው ልጅ ደራሽን አያውቅም፤ ደራሽን የሚያውቁት ሽማግሌ ፍሬን አያውቁም። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ የምንማረው የመጀመሪያውን ጎራ ብቻ ነው።

ቀኝ ያዝ!

ከጣሊያን በኋላ መንገዱ እንደገና ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ1950፣ በእኛ መስከረም 1943 ዓ.ም.፣ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ የሰጠው የመጀመሪያ ብድር ለኢትዮጵያ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር። በዚያው ዓመት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ትልልቆቹ ሰዎች እስከ ዛሬ የመንገድ መሥሪያ ቤቱን «አውራ ጎዳና» የሚሉት ለዚህ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር ልንገራችሁ። ድሮ በአገራችን መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። ወደ ቀኝ የዞርነው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በክረምት መባቻ! ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1967፣ ስዊድንም እንደኛው ከግራ ወደ ቀኝ ዞረች። የስዊድን ታሪክ በደንብ የተመዘገበ ስለሆነ አንድ ትምህርት እንውሰድበት። ለውጡ በሚደረግበት ሌሊት ከአስፈላጊ መኪና በስተቀር ሁሉም ቆመ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ቀኝ ዞሮ ቀስ ብሎ ጀመረ። ያን ጊዜ አደጋ ይጨምራል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ አደጋው ቀነሰ! ለምን? ሁሉም ሰው ፈርቶ፣ ግራና ቀኝ አይቶ፣ ቀስ ብሎ ስለነዳ። ነገሩን ሲለምዱት ግን ጥንቃቄውም ተረሳ፤ አደጋው ወደ ነበረበት ተመለሰ።

ይህን ያዙልኝ። መንገዱም መኪናውም ያው ነው። የተለወጠው የሰዎቹ ልብ ብቻ ነበር፤ ልባቸው ሲጠነቀቅ አደጋው ቀነሰ፣ ልባቸው ሲዘናጋ ተመለሰ።

ሁሉም ይከርማል፣ መንገድ ብቻ አይከርምም

በእኛ በኩል መንገዱ እየሰፋ መጣ። በደርግ ዘመን ቻይናዎች ከወረታ በደብረ ታቦር አድርገው ወልድያ የሚወጣውን መንገድ ሠሩ። ያንን የጉና ሥር ጉምና ብርድ ሰንጥቆ የሚያልፈውን ማለቴ ነው። ባሕር ዳር ላይ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው የአባይ ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ ተሸክሞን ኖሮ በግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ተመረቀ። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፣ ለብስክሌትና ለእግረኛ ሳይቀር የራሱ መስመር አለው። የፋሲል ዘመን ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር?

አሁን ግን አንድ ነገር ታዘቡ። እኛ መምህራን በክረምት እናርፋለን፤ ትምህርት ቤት ይዘጋል። ፈረንጆቹም በበጋቸው ይዘጋሉ፣ የኛ ግን የሚዘጋው ዝናቡን ተከትሎ ነው። የፌዴራል ፍርድ ቤቶችም ነሐሴና መስከረምን በከፊል ዝግ ናቸው። ፓርላማው ሳይቀር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት ሥራውን ሰኔ 30 ጨርሶ የሚመለሰው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ተመልከቱ እንግዲህ፦ ተማሪው ይከርማል፣ ዳኛው ይከርማል፣ የሕዝብ ተወካዩ ይከርማል። ልክ እንደ ሠርፀ ድንግል! መንገዱ ብቻ ነው የማይከርመው።

ሕዝቡ ደግሞ መንገዱ ላይ ነው። ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ የት ይሄዳሉ? ገሚሱ አስፋልት ዳር ከብት ይጠብቃል፤ በክረምት ማሳው ሁሉ ስለተዘራ ሳር ያለው መንገድ ዳር ነው። ገሚሱ የሰው ባጃጅ ተቀብሎ ለመስከረም ደብተርና ጫማ ይሠራል። ማለትም እኛ ክፍል ውስጥ አስቀምጠን የምንጠብቃቸውን ልጆች፣ መንገዱ ከዓመቱ ሁሉ በሚከፋበት በሁለቱ ወራት መንገድ ላይ እንለቃቸዋለን። በመስከረም ስም ስንጠራ «የለም፣ መኪና ገጭቶት ነው» የሚል መልስ መስማት ምን እንደሚመስል አስተማሪ የሆነ ያውቀዋል። ዝርዝሩ ላይ ቀይ መስመር አድርገህ ወደሚቀጥለው ስም ትሄዳለህ። ድምፅህ ግን አብሮህ አይሄድም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 የሆኑትን በመግደል ደግሞ ቀዳሚው እሱ ነው። ከ5 እስከ 29! ይህ እኮ የእኛ የክፍል ዝርዝር ነው።

ዝናቡ አስፋልቱን ምን ያደርገዋል?

የታሪክ መምህር ብሆንም ትንሽ ፊዚክስ ልበደር፤ የፊዚክስ መምህራን ጓደኞቼ አርሙኝ።

መጀመሪያ፣ በጣም የሚያንሸራትተው የክረምት መሃል አይደለም፤ መጀመሪያ የሚወርደው ዝናብ ነው። በበጋው በሙሉ አስፋልቱ ላይ አቧራ፣ ዘይት፣ የጎማ ብናኝ ይከማቻል። የመጀመሪያው ካፊያ ያንን ሁሉ ያቦካውና እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ዶፍ ሲጥል አጥቦ ይወስደዋል። ስለዚህ «ካፊያ ናት፣ ምንም አትል» የምትባለዋን ፍሯት።

ሁለተኛ፣ በ60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ላም ገባች ብለህ እግርህን ከነዳጅ ወደ ፍሬን እስክታዛውር አንድ ሰከንድ አለፈ፤ 17 ሜትሩን በላኸው፣ ፍሬኑ ገና መያዝ መጀመሩ ነው። አስፋልቱ እርጥብ ከሆነ ደግሞ የመቆሚያው ርቀት ከደረቁ በጣም ይረዝማል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬን ርቀት እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው። ይህን በደንብ ያዙት፣ ፈተና ላይ ሳይሆን መንገድ ላይ ይመጣል።

ሦስተኛ፣ ጎማ ላይ ያለው ጥርስ ለጌጥ አይደለም። ውሃውን ወደ ጎን እየገፋ ጎማው አስፋልቱን እንዲነካ ያደርጋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ያን ጊዜ መሪ ብታዞርም ፍሬን ብትይዝም መኪናው አይሰማህም። «በጋውን ችሎኛል» የተባለ ጎማ ክረምቱን አይችልም።

አራተኛ፣ ጎርፍ። ጉልበት የማይደርስ፣ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ወራጅ ውሃ ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ ይችላል፤ 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አብዛኛውን መኪና ይዞ ይሄዳል። ባጃጅማ ምኑ ይወራል! ሦስት እግር፣ ቀላል አካል፣ ጎኑ ክፍት። አያቶቻችን ከወንዝ ዳር ቁጭ ብለው ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ፈሪ ሆነው አልነበረም። ደራሽ የሚጎድልበት ጊዜ እንዳለው ስለሚያውቁ ነው። ከላይ ተራራው ላይ ከጣለ ለእናንተ ፀሐይ ቢሆንም ውሃው መምጣቱ አይቀርም፤ ቆይቶ ደግሞ ይጎድላል። ሁለት ሰዓት መጠበቅ ነው እንግዲህ።

አምስተኛ፣ ውሃ የሞላው ጉድጓድ ጉድጓድ አይመስልም፤ ኩሬ ይመስላል። ከጠጠር መንገድ ወደ አስፋልት የሚወጣ ባጃጅና ጋሪ ጭቃውን ይዞ ይመጣል፤ ያ ጭቃ ለሞተር ሳይክል መጋደሚያ ነው። ጉም ደግሞ በተለይ ወደ ጉና በኩል ስትወጡ የፊት መኪናን ይውጠዋል። በጉም ረጅም መብራት ስታበሩ ጉሙ መልሶ ዓይናችሁን ነው የሚያበራው፤ አጭሩን አብሩና ቀስ በሉ።

ሾፌሩ ብቻ አይደለም

አሁን ሁላችንም የምናውቀውን ልናገር። መናኸሪያ ላይ መኪናው ዝናብ እየጣለ ሞልቶ ይወጣል። የባጃጁ ሸራ ወርዷል፣ መስታወቱ በትንፋሽ ጉም ለብሷል፤ ልጁ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላው እጁ ጨርቅ ይዞ ይጠርጋል። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ «ንዳው እንጂ፣ ተኝተህ ነው እንዴ?» ይለዋል። በሚኒባስም ያው ነው። ቀስ ብሎ የሚነዳውን ሾፌር እንቆጣለን፤ የሚፈተለከውን ደግሞ «ጎበዝ ሾፌር» እንለዋለን። በጣም ሲያስፈራን ፈጣሪን እንጠራለን እንጂ «ወንድሜ፣ ቀስ በል» አንልም። ለምን ይሆን? ሃያ ሰው ተሳፍሮ አንድ ደፍሮ የሚናገር ይጠፋል።

ታሪክ የሚያስተምረን የተለየ ነገር ነው። አፄ ቴዎድሮስን ያህል ሰው፣ በዓለም ላይ ማንንም የማይፈሩ ንጉሥ፣ ክረምት እስኪወጣ ጠብቀዋል። የናፒየር ጦር ዝናብ ፈርቶ ቸኩሎ ወጥቷል። ታዲያ አንድ የጋማ ከብት ጫኝ፣ አንድ የጤፍ ነጋዴ፣ አንድ ለሠርግ የሚሄድ ሰው ግማሽ ሰዓት መጠበቅ የሚያቅተው ምን ሆኖ ነው? «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ተረታችን የመጣው መኪና ከመምጣቱ በፊት ነው። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

እኔ ክረምት ሲመጣ መኪና ይቁም እያልኩ አይደለም። ያ ዘመን አልፏል፣ እሰየው አልፏል። ምጥ የያዛት እናት በሐምሌ ሌሊት ባሕር ዳር ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ገበሬውም ማዳበሪያውን በወቅቱ ማግኘት አለበት። የእህቱን ሞት በመስቀል የሚሰማ ሰው ተመልሶ እንዲመጣ የሚመኝ የለም። እያልኩ ያለሁት፣ ድሮ ወንዙ በግድ ያስከበረውን ጥንቃቄ አሁን እኛ በፈቃዳችን እናክብረው ነው። መንገዱ ባይከርምም ፍጥነታችን ይክረም።

ስለዚህ ለባጃጅና ለሞተር ልጆቼ፦ ሰኔ ሳይወጣ ጎማችሁን አሳዩ፣ ፍሬናችሁን አስፈትሹ፣ መጥረጊያውን ቀይሩ። ባለቤቱ «በኋላ» ካለ ይህን ጽሑፍ አሳዩት። ዝናብ ሲጀምር ከፊታችሁ ካለው መኪና የምትርቁትን እጥፍ ራቁ። ለወላጆች፦ አስፋልት ዳር ከብት የሚጠብቅ ልጃችሁን ደማቅ ልብስ አልብሱት፣ ሲመሽ ቀድሞ ይግባ። ጥቁር ጃንጥላና ግራጫ ጋቢ በዝናብ ውስጥ ለሾፌር አይታይም። ለተሳፋሪዎች፦ «ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም፤ አንድ ሰው ከተናገረ ሌላውም ይደግፈዋል፣ ሞክሩት። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል» የሚለውን መኪናው ላይ ጽፈን ብቻ አንተወው።

በመጨረሻ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ፤ አመል ነው፣ አይለቀኝም። በዚህ ክረምት ቤት ስትውሉ አባቶቻችሁንና እናቶቻችሁን ጠይቁ። ድልድይ ሳይኖር ጉማራን፣ ርብን፣ ጌልዳን፣ አባይን እንዴት ይሻገሩ ነበር? ውሃው ሊመጣ ሲል በምን ያውቁ ነበር? ማን ነበር አሻጋሪው? የነገሯችሁን እዚህ ሥር ጻፉልን። ይህ እውቀት ከእነሱ ጋር ሳይቀበር ባጃጅ የሚነዳው ልጅ እጅ ይግባ።

ክረምቱን የሰላም ያድርግልን። በመስከረም ስም ስጠራ ሁላችሁም «አቤት!» በሉኝ።